ደሴ ቁጭ ብሎ ሥራ መፈለግ፦ ቴሌግራም ላይ ከመዋል የሚሻል መንገድ አለ?

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ (ጥያቄ ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነኝ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ስልክ ማየት ሆኗል። የሥራ ማስታወቂያ ቻናል የተባለውን ሁሉ ተቀላቅያለሁ። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። እናቴ «ይሄ ሁሉ ሥራ ካለ አንቺን ምን ነካሽ?» ትለኛለች። መልስ የለኝም።

ግማሹ ማስታወቂያ አዲስ አበባ ነው። ግማሹ ቀኑ ያለፈበት ነው። በኢሜይል የላክሁት ደግሞ ደረሰ አልደረሰ የሚለኝ የለም። ጓደኞቼ «አዲስ አበባ ካልገባሽ አታገኚም» ይላሉ። የቤት ኪራዩን ማን ይችለዋል? እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ በኢንተርኔት ሥራ ያገኘ ካለ እንዴት እንዳደረገ ይንገረኝ። ቀጣሪዎች ካላችሁ ደግሞ፣ የምንልከውን ነገር እውነት ታዩታላችሁ?

ጦሳ_ሥር

አይ እህቴ። ሥራ በሰው ነው። ኢንተርኔት ማስታወቂያ ለማየት እንጂ ለመቀጠር አይሆንም። ቦታው ሰው ተይዞለት ለወጉ ያህል ነው የሚለጠፈው። ጥቅልሽን ለዩቲዩብ አድርጊው።

ሰው_ኃይል_ኮምቦልቻ

ልጄ፣ አዎ፣ እናያለን። አንቺ በምታስቢው መንገድ ግን አይደለም።

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ኃይል ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ማስታወቂያ የምናወጣው በር ላይ ባለው ሰሌዳ፣ በጋዜጣ፣ አንዳንዴም በድረ ገጽ ነው። ለቻናል እኛ አንልክም። አንድ አላፊ አግዳሚ በስልኩ ፎቶ ያነሳና ይለጥፈዋል። ሌላው ከእሱ ይገለብጣል። ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀኑ ነው። ማስታወቂያው የሚለው «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ነው። የወጣው መቼ ነው? ቻናሉ ላይ የለም። አንቺ ዛሬ ያየሽው ባለፈው እሁድ ጋዜጣ ላይ የነበረ ይሆናል። ከሰኞ ሲቆጠር ዓርብ ያልቃል። ቻናሉ ዓርብ ማታ ከለጠፈው ገና ሳታነቢው አልቆብሻል።

ስለዚህ ማስታወቂያ ስታዪ «መነሻው የት ነው?» በይ። ጋዜጣ ከሆነ የትኛው፣ የየትኛው ቀን። ሪፖርተር ረቡዕና እሁድ ነው የሚወጣው፤ ማስታወቂያውን በድረ ገጹም ታገኚዋለሽ። ኢትዮጆብስ በሚባለው የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ከሆነ እዚያው ገብተሽ የመዝጊያ ቀኑን እዪ። መነሻው ካልተገኘ እለፊው።

ሌላው የማመልከቻው መንገድ ነው። «በአካል ቀርበው እንዲመዘገቡ» የሚል ማስታወቂያ ላይ ኢሜይል ቢላክ የሚከፍተው የለም። እኛ አካባቢ ብዙው አሁንም በአካል ነው። ወጣቶች በዚህ ይማረራሉ። እኔ ግን ለእናንተ ጥቅም ነው እላለሁ። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ለአንድ ጁኒየር ቦታ ምዝገባ ከሚሴን አቋርጦ አይመጣም። አንቺ ከደሴ ሐረጎን ወርደሽ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ሚኒባስ ይዘሽ ለምሳ ቤትሽ ነሽ። ተወዳዳሪሽ የቀነሰው እዚያ ላይ ነው፤ አንቺ ግን ሁሉም ሰው በሚልክበት ኢሜይል ላይ ነው ጊዜሽን የምትጨርሺው።

ኢሜይል ሲሆንም ወግ አለው። «ጉዳዩ» የሚለው ቦታ ላይ የሥራ መደቡን ጻፉ። ባዶውን የሚልክ አለ። ዘጠኝ ፎቶ ለየብቻ የሚልክ አለ፤ ዲግሪው ተዘቅዝቆ፣ የያዘው ጣት እየታየ። አንድ ፒዲኤፍ አድርጉት። ለአንድ ጁኒየር አካውንታንት ቦታ በመቶ የሚቆጠር ማመልከቻ ይመጣል። የመጀመሪያው ማጣሪያ የሲቪ ውበት አይደለም። የተጠየቀው አለ ወይስ የለም፣ እሱን ብቻ ነው የምናየው። የትምህርት መስክ፣ የምረቃ ዓመት፣ ሲጂፒኤ፣ የመውጫ ፈተና፣ ልምድ። ይህ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ቶሎ ካልተገኘ ሦስተኛው ገጽ ድረስ ፈልጎ የሚያወጣልሽ ሰው የለም።

ደግሞ ስልክ አንሱ! ለፈተና ስንጠራ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ከሆነ ወደ ቀጣዩ ነው።

ጦሳ ሥር፣ ሰው ተይዞለት የሚለጠፍ የለም ብዬ አልዋሽህም። አለ። ግን የምርት ሒሳብ የሚሠራ ሰው በድንገት ሲለቅብን ዘመድ አንፈልግም፤ በማግስቱ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነው የምንፈልገው።

ጦሳ_ሥር

ጋሼ፣ እርስዎ ጥሩ ሰው ሆነው ነው። ሁሉም ቢሮ እንደዚያ አይደለም።

ሰው_ኃይል_ኮምቦልቻ

አይደለም። እሱን አልኩህ እኮ።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የጋዜጣውን ቀን እንዲህ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። አንድ ልጠይቅዎት፦ «2 ዓመት ልምድ» የሚል ላይ ዜሮ ዓመት ሆኜ ብወዳደር ያስቃል? አንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ ዜሮ ዓመት የሚባል ጭራሽ የለም።

ሰው_ኃይል_ኮምቦልቻ

መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ አትድከሚ። እዚያ ተፈላጊ ችሎታው ቁርጥ ነው፤ አንድ ወር ቢጎድል እንኳ ይጥሉሻል። የግል ድርጅት ከሆነና ማስታወቂያው በተደጋጋሚ ከወጣ ግን ላኪ። ደጋግሞ የሚያወጣ ድርጅት የጠየቀውን ሰው አላገኘም ማለት ነው። የሌለ ልምድ ግን አትጻፊ። ልምድ ያጻፉበት ቦታ ደውለን እንጠይቃለን፣ የሥራ ግብር የተከፈለበትንም እንጠይቃለን።

ሐረጎ_ቁልቁለት

ስለ ፍለጋው የቴክኒክ ነገር ልጨምር፤ ጋሼ የተናገሩት ለፋብሪካና ለመንግሥት ነው። ደሴ ላይ ቅርንጫፍ ያላቸው የእርዳታ ድርጅቶችና ባንኮች ሌላ ዓለም ናቸው። እነሱ ጋ ነገሩ ሁሉ በኢንተርኔት ነው።

ሁሉንም ቻናል ድምፁን ዝጊው። አንብበሽ አትጨርሺውም። ይልቅ ቻናሉ ውስጥ ገብተሽ ከላይ ባለው መፈለጊያ «ደሴ» ብለሽ ፈልጊ። እዚህ ላይ ግን ብልጥ ሁኚ። ደሴን በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በሁለት ኤስ ይጽፈዋል፣ ሌላው በአንድ። ኮምቦልቻንም አንዱ በኬ፣ አንዱ በሲ ይጀምረዋል። አራቱንም ሞክሪ። በአማርኛም ፈልጊ። ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥም ኮምቦልቻ አለ፤ እኔ ነኝ ያለ ማስታወቂያ አግኝተሽ ስትደሰቺ ቦታው ሐረር አጠገብ ሆኖ እንዳታገኚው።

አሁን ዋናው ነገር። የአማርኛ ማስታወቂያ አብዛኛው ፎቶ ነው። ጋሼ እንዳሉት ሰሌዳ ላይ ያለ ወረቀት በስልክ ተነስቶ ነው የሚለጠፈው። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ አይመጣም። ቻናሉ ውስጥ ኖሮ ሳታገኚው ትቀሪያለሽ። ስለዚህ ፍለጋ የሚያገኝልሽ በጽሑፍ የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ለፎቶው ወይ በዓይን ማየት ነው፣ ወይ ሰሌዳው ድረስ መሄድ ነው።

ለእርዳታ ድርጅት ኢትዮጆብስንና ሪሊፍዌብን እዪ። ሪሊፍዌብ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ የሚያስተዳድረው ነው፤ ሥራውን በአገር መለየት ይቻላል። ኢትዮጵያን ብቻ መርጠሽ የሥራ ቦታው ደሴ የሆነውን ታያለሽ። «ፋይናንስ ኦፊሰር» ብቻ ብለሽ አትፈልጊ። እነሱ ጋ «ፋይናንስና አድሚን አሲስታንት» የሚሉት ነው ለጀማሪ የሚሆነው።

ሊንክድኢን ካልከፈትሽ ክፈቺ። ከስምሽ ሥር ያለው መስመር ላይ «ሥራ ፈላጊ» ብለሽ አትጻፊ፤ ቀጣሪ በዚያ ቃል አይፈልግም። «አካውንታንት፣ ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌሩ)፣ ኤክሴል፣ ደሴ» ብለሽ ጻፊ። ሰው ሲፈልግ የሚጽፈው እሱን ነው። ከዚያ የሥራ ማሳወቂያውን ለደሴ ክፈቺው፣ አዲስ ሲወጣ ኢሜይል ይመጣልሻል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አይሠራውም፦ ማስታወቂያ ሳይወጣ መጻፍ። ሊንክድኢን ላይ ኮምቦልቻ ያሉ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ የፋይናንስ ኃላፊዎች አሉ። አጭር መልእክት ላኪ። ስልኬ ላይ የነበረው ናሙና ይኸውና፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስሜ እገሊት ይባላል። ደሴ ነው የምኖረው፣ በአካውንቲንግ በ2016 ተመርቄያለሁ። ፒችትሪ እችላለሁ፤ በተለማማጅነት የአንድ ድርጅት ወርሃዊ የቫት ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ። በክፍልዎ ለጀማሪ ቦታ ሲከፈት በየት በኩል እንደምታሳውቁ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

ሥራ ስጡኝ አይልም። የሚጠይቀው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ሰው ለቀላል ጥያቄ ይመልሳል።

ጦሳ_ሥር

ይሄ ራሱ እኮ «በሰው» ነው። እኔ ያልኩት ምንድን ነው?

ሐረጎ_ቁልቁለት

ሃሃ፣ እሺ፣ ይሁንልህ። ልዩነቱ ያ ሰው አጎትሽ ባይሆንም መጻፍ መቻልሽ ነው።

አብሽሪ_እህቴ

ስለ ሌቦቹም ይነሳ እንጂ። የእህቴ ጓደኛ «ባንክ ላይ አልፈሻል፣ ለሥልጠና መመዝገቢያ በቴሌብር ላኪ» ተብላ ላከች። ፈተና ሳትፈተን ማለፏ አላስደነቃትም፤ ችግር ላይ ያለ ሰው ደግ ወሬ ሲሰማ አይጠራጠርም። የባንኩ ዓርማ አለበት፣ ማኅተም አለበት። ወላሂ እኔም አምነው ነበር። ከላከች በኋላ ያ አካውንት ጠፋ።

ሕጉን ለማታውቁ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አገር ውስጥ የሚሠራ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ነው ይላል። ክፍያው ከአሠሪው ነው። «የፎርም»፣ «የሲስተም»፣ «የማስያዣ» የሚል ሁሉ ያው ነው። ሥራ አግኝቼ ከደመወዜ ይቆረጣል ቢሏችሁም እንዳትሰሙ።

ባንክ ሲያወጣ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ማስፈንጠሪያ አለው። ቻናሉ የሰጣችሁን አትንኩ፤ ባንኩን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ግቡና ማስታወቂያው እዚያ መኖሩን እዩ። ከሌለ የለም። ስልካችሁ ላይ የሚመጣ ማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትንገሩ፤ ቀጣሪ እሱን የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። የፋይዳ ቁጥራችሁንና የመታወቂያ ፎቶ ለማይታወቅ ቻናል ቦት አትስጡ።

እህቴ አብሽሪ፣ ደሴ ሆነሽም ይገኛል።

የመስፌ_ጓደኛ

ይቅርታ በመሀል ልግባ። እናንተ የዲግሪ ነው የምታወሩት። እኔ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ ሠርቻለሁ። ፓርኩ በ2009 መጨረሻ ሲመረቅ ሠፈራችን ሁሉ ነበር የሄደው። ያኔ ማንም ኢንተርኔት አልጠየቀም፤ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ይዘሽ በር ላይ ትሰለፊያለሽ። ከዚያ የ2014 ጦርነት መጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አገራችን ከአጎዋ ወጣች፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ መላክ ቀረ። ትዕዛዝ ሲቀንስ ሰው ይቀንሳል።

አሁን ልጆቹ የራሳቸው የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ሠራተኞቹ ናቸው የከፈቱት። «ነገ ጠዋት ይህ ሼድ ኦፕሬተር ይቀበላል» የሚለው ወሬ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚሰማው። የትኛውም ትልቅ ቻናል ላይ አይወጣም። ስለዚህ ለእኔ ኢንተርኔት ማለት ውስጥ ያለ ሰው ያለበት ትንሽ ግሩፕ ነው። እንዴት ይገባል ካላችሁ፣ አንዲት ሠራተኛ ታስገባችኋለች። ማታ ሽፍት ሲለቀቅ በር ላይ ቆማችሁ አንዷን አናግሩ። የደመወዙን፣ የሰርቪሱን፣ የኃላፊውን ጠባይ ሁሉ በዚያው ትሰማላችሁ። ማስታወቂያ ይህን አይነግራችሁም።

ስትቀጠሩ ውል ጠይቁ። የሙከራ ጊዜ በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። እኛ ጊዜ «ገና ሙከራ ላይ ናችሁ» እያሉ ያቆዩን ነበር።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ

የኔ እህት፣ ይቅርታ የምትጠይቂው ለምንድን ነው? ከሁሉም የጠቀመኝ ያንቺ ነው። የሒሳብ ሰዎችም እንዲህ ያለ ግሩፕ ይኖራቸው ይሆን?

ደብተር_ያዥ

አላቸው። ደሴ ላይ የሒሳብ ባለሙያዎች ቢሮዎች አሉ። የነጋዴውን መዝገብ የሚይዙ፣ ግብሩን በኢንተርኔት፣ ኢ-ታክስ ላይ የሚያሳውቁ። እኔም አንዱ ጋ ነው የጀመርኩት። እነዚህ ቢሮዎች ማስታወቂያ አያወጡም። ሰው የሚፈልጉበት ጊዜ ግን ይታወቃል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የግብር ወቅት ነው። በዚያ ጊዜ ደረሰኝ ተራራ ይሆናል፤ ጸሐፊዋም ሳትቀር ደረሰኝ ስትለይ ታመሻለች። ሰኔ ላይ ገብተሽ «ለግብሩ ወቅት ላግዛችሁ» ብትያቸው እንቢ የሚልሽ ትንሽ ነው። ክፍያው ትንሽ ነው፣ አላሞግስልሽም። ግን ጥቅምት ላይ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አለሽ፣ ኢ-ታክስ ታውቂያለሽ፣ እዚያ ቢሮ የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ ያውቅሻል። እኔን አሁን ያለሁበት ድርጅት የወሰደኝ ከደንበኞቹ አንዱ ስለነበረ ነው።

መንግሥትም ያው ነው። አዲስ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ክፍት መደቦች ከዚያ በኋላ ነው በብዛት የሚወጡት። የመምሪያዎቹን ሰሌዳ ነሐሴና መስከረም ላይ ማየት ሚያዝያ ላይ ከማየት ይሻላል።

ፒችትሪን በደንብ ልመጂው። ኩባንያው ስሙን ሴጅ 50 ካለው ቆይቷል፣ ማስታወቂያው ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚለው። ሲቪሽ ላይ ሁለቱንም ጻፊ። ኤክሴልም «እችላለሁ» ብቻ ሳይሆን ምን እንደምትሠሪበት ጻፊ። ቃለ መጠይቅ ላይ ላፕቶፕ አቅርበው «አሳዪን» የሚሉ አሉ።

ሐረጎ_ቁልቁለት

ለዚህ 5 ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው ነጻ ሥልጠናም አለ፣ ዳታ ሳይንስ አለበት። ለሒሳብ ሰው አይከፋም።

ደብተር_ያዥ

አይከፋም። ግን መጀመሪያ ፒችትሪ። ደሴ ላይ ዳታ ሳይንቲስት የፈለገ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አዲስ_አበባ_ያለሁ_ደሴዬ

«አዲስ አበባ ካልገባሽ» ለሚሉሽ። እኔ ገብቻለሁ። ከደመወዜ የሚበዛው ለቤት ኪራይና ለታክሲ ነው። ሥራ ሳልይዝ መጥቼ ዘመድ ቤት ነበርኩ፤ ዘመድ ቤት ምን እንደሚመስል አልነግርሽም። አንቺ ከዚያው አመልክቺ። ለፈተና ሲጠሩሽ «ደሴ ላይ መፈተን ይቻላል ወይ? ቃለ መጠይቁስ በቪዲዮ ይሆናል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። አንዳንድ ባንኮች ፈተናውን ደሴም ይሰጣሉ፤ ማመልከቻው ላይ የፈተና ቦታ ምረጡ ሲል ሰው በልማድ አዲስ አበባን ይጫናል። ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ መብራት የማይጠፋበትና ዋይፋይ ያለበት ቦታ አስቀድመሽ ያዢ። በስልክ ዳታ አትተማመኚ፤ እኛ አገር ዳታ ምን እንደሚያደርግ ታውቂዋለሽ።

ኮፒ_ቤት_ፒያሳ

ሁላችሁም ስለ ሲቪ ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ፒያሳ ኮፒ ቤት አለኝ። የዚህን ከተማ ሲቪ እኔ ነኝ የማትመው።

አንድ ፎርም ነው በከተማው የሚዞረው። አንዱ ከአንዱ ይገለብጣል፣ ስሙን ይቀይራል። ሁሉም ቁመትና የጋብቻ ሁኔታ አለበት። ሁሉም መጨረሻው ላይ ከላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ ይላል። ስም ቀይሮ የምስክሮቹን ስልክ ሳይቀይር የሚያትም አለ። የማያውቀው ሰው ምስክሩ ሆኖ ይሄዳል ማለት ነው! ጋሼ ሰው ኃይል እዚያ ስልክ ላይ ሲደውሉ ምን እንደሚሰሙ እንጃ።

ሌላው ግን የምሩን ነው። ኢሜይላችሁን እኔ ኮምፒውተር ላይ ትከፍቱና ሳትዘጉት ትሄዳላችሁ። ዲግሪያችሁ፣ መታወቂያችሁ፣ የመውጫ ፈተና ውጤታችሁ ሁሉ ዴስክቶፔ ላይ ይቀራል። እኔ ማታ ማታ አጠፋዋለሁ፤ ሁሉም ኮፒ ቤት ግን አያጠፋም። አብሽሪ እህቴ ስለ ሌቦች የጻፈችውን ሳነብ ይሄ ነው የመጣልኝ። የሰው ማስረጃ የሚያገኙት ከየት ይመስላችኋል? አትማችሁ ስትጨርሱ ፋይሉን አጥፉ፣ ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አድርጉት፣ ከኢሜይሉ ውጡ።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ

ወይ ጉድ፣ እኔም አንድ ኮፒ ቤት ትቼ መምጣቴ አይቀርም። ዛሬ ሄጄ አያለሁ። ዲግሪዬን ስካን ላድርግ ብል ግን አንዱ የባንክ ማመልከቻ «ፋይሉ በዝቷል» እያለ ይመልስብኛል። በስልክ ብቻ ማስተካከል ይቻላል?

ኮፒ_ቤት_ፒያሳ

ይቻላል። ጎግል ድራይቭ ስልክሽ ላይ ካለ የመደመር ምልክቱን ተጭነሽ ስካን የሚለውን ምረጪ። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አንጥፊው፣ ጥላሽ እንዳያርፍበት። ገጾቹን በተራ አንሺና በአንድ ፒዲኤፍ ያስቀምጥልሻል። በጥቁርና ነጭ ካደረግሽው መጠኑ በጣም ይቀንሳል፤ ማኅተሙ በቀለም ይታይ ካሉ ብቻ በቀለም አድርጊው። ስሙን «ሲቪ ፋይናል አዲሱ 3» ብለሽ አታስቀምጪ። ስምሽንና የሥራ መደቡን ጻፊበት።

እኔ ጋ መምጣት ካለብሽ ሰኞ ጠዋት አትምጪ፣ ሰልፍ ነው። ከሰዓት ነይ። ፍላሽ ይዘሽ ነይ፤ ቫይረሱን ግን ቤትሽ ትተሽው።